የቤታ ዓሣዬን ሕይወት ለታደጉልኝ የዓሣ ገንዳ ባለሙያ የላቀ ምስጋናዬን አቀርባለሁ

ሰማያዊው ቤታ ዓሣዬ ዛሬ ክንፉን ዘርግቶ ሲዋኝ የማየው በአንድ ሰው ትዕግሥትና ዕውቀት በመሆኑ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እኚህ ባለሙያ የዓሣ ገንዳ የሚያቋቁሙ፣ የሚንከባከቡ፣ ዓሣ ሲታመምም ቤት ድረስ መጥተው የሚያዩ ሰው ናቸው።

በደወልኩላቸው ጊዜ ዓሣው ምግብ ካቆመ አራተኛ ቀኑ ነበር። የጅራቱ ክንፍ ከጫፉ ጠቁሮ ይሸራረፍ ጀምሯል፤ ገንዳው ጥግ ላይ ተጋድሞ ይውላል፤ የሚተነፍስበት ስንጥቡም ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ቀደም ብዬ ያማከርኩት አንድ ሻጭ ዓሣውን ሳያይ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ሰጥቶኝ፣ ሁለቱንም ጨምሬ ምንም ለውጥ አላየሁም።

ባለሙያው እንደ ደረሱ እጃቸውን ውኃው ውስጥ አላስገቡም። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ተመለከቱት። ከዚያም መብራቱን አጥፍተው በባትሪ ከጎን እያበሩ፣ ገላው ላይ እንደ ወርቅ ብናኝ የሚያብለጨልጭ ጥገኛ ተሕዋስ ወይም እንደ ጨው ቅንጣት ያለ ነጭ ነጥብ መኖር አለመኖሩን መረመሩ፤ አልነበረም። እኔ ስለ ሦስተኛ መድኃኒት ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ መድኃኒቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ውኃውን እንጠይቀው» አሉኝ። በትንሽ ብልቃጥ ውኃ ቀድተው የመመርመሪያውን ጠብታ ሲጨምሩበት፣ ቢጫ ሆኖ መቅረት የነበረበት ፈሳሽ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ከዓሣው ቆሻሻ የሚመነጨው መርዛማ አሞኒያ በሊትር 1 ሚሊግራም ደርሷል፤ መሆን የነበረበት ዜሮ ነው። ቴርሞሜትሩም 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳየ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። በየሳምንቱ ውኃውን በሙሉ እየደፋሁ፣ ጠጠሩንና የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ አጥብ ነበር። ዓሣው በስንጥቡ የሚያስወጣውን፣ እንዲሁም ከእዳሪውና ከተረፈ ምግብ የሚመነጨውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው የሚኖሩት እዚያው ስፖንጅ ውስጥ እንደሆነና የቧንቧ ውኃ ክሎሪን እንደሚገድላቸው ያስረዱኝ እርሳቸው ናቸው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበረክቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ እኔ ግን በየሳምንቱ ከዜሮ አስጀምራቸው ነበር።

ዓሣውን ከጠባቡ ዕቃ ወደ 20 ሊትር ገንዳ አዛወሩት፤ ከራሳቸው ጤነኛ ገንዳ ያመጡትን አሮጌ ስፖንጅ ከማጣሪያው ጋር አኖሩ፤ ማሞቂያውንም 26 ዲግሪ ላይ አደረጉት። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ የውኃውን ሲሶ ያህል፣ ክሎሪኑ በማስወገጃ በጠፋለትና ሙቀቱ በተስተካከለ ውኃ እንድተካ አዘዙኝ። ስፖንጁ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳው ውኃ ብቻ ነው። ረጅም ክንፍ ያለው ቤታ በብርቱ ሞገድ ስለሚደክም የማጣሪያውን ፍሰት ቀነሱ። ቤታ ላቢሪንት በሚባል አካል ከውኃው በላይ ያለውን አየር የሚተነፍስ በመሆኑ፣ ክዳኑና ውኃው መካከል ክፍት ቦታ እንዲኖርም አደረጉ። በጣም ያስገረመኝ ግን የፕላስቲክ ተክሉን ሲፈትኑ ነው፤ ስስ የሴት ካልሲ አምጥተው በቅጠሉ ላይ ሲጎትቱት ካልሲው ተያዘና ተተረተረ። «ክንፉም እንዲሁ ነው» ብለው ተክሉን አውጥተው አኑቢያስ በሚባል ሕያው የውኃ ተክል ተኩት።

በአሥረኛው ቀን ገደማ ከተጎዳው ክንፍ ጫፍ ላይ እንደ ብርጭቆ የጠራ ቀጭን ጠርዝ ወጣ፤ አዲስ ሥጋ መሆኑን የነገሩኝ ፎቶውን ልኬላቸው ነው። ቆይቶም ዓሣው የአረፋ ጎጆ ሲሠራ በደስታ ብደውልላቸው፣ ጎጆ ብቻውን የጤና ማረጋገጫ ስላልሆነ ምርመራውን እንዳላቋርጥ አሳሰቡኝ። ከሁሉ በላይ ያከበርኩት ይህን ሐቀኝነታቸውን ነው፤ በመጀመሪያው ቀንም ሆዱ አብጦ የገላው ቅርፊት ወደ ውጭ ተገትሮ ቢሆን ኖሮ የመዳን ተስፋው ጠባብ ይሆን እንደነበር አልደበቁኝም፤ የማያስፈልግ መድኃኒትም አልሸጡልኝም።

ስማቸውን በአደባባይ መጻፍ አልፈለጉም፤ አድራሻቸውን ለሚሻ ሰው ግን በውስጥ መስመር እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። ስትደውሉላቸው የገንዳውን መጠን፣ የውኃውን ሙቀት፣ ውኃው መቼና ምን ያህል እንደተቀየረ፣ ዓሣው በቀን ስንት ፍሬ ምግብ እንደሚበላ ጽፋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።