ገርሁድ ያለው የዱባይ ቴኒስ ስታዲየም ያዋጣል ወይ ላላችሁኝ

እኔ የገባሁት አንዴ ነው፣ እሱም ፌብሯሪ 22፣ 2025 የሴቶቹ ፋይናል፣ ሚራ አንድሬቫ ከዴንማርኳ ክላራ ታውሰን ጋር የተጫወተች ቀን። ባጭሩ ያዋጣል።

መጀመሪያ የተናደድኩበትን ልናገር። ትኬቱን ጓደኛዬ የገዛችው ትኬት መልሶ ከሚሸጥ አንድ ድረገጽ ነው፣ ስሙን ልተወው፣ ጎን ለጎን ተብሎ ተከፍሎ እሷ እታች እኔ እላይ፣ ብንደውል ብንደውል የሚያነሳ የለም። ከዋናው ቦታ ግዙ በቃ።

ስታዲየሙ ግን ደስ ይላል፣ 5,000 ሰው ገደማ ነው የሚይዘው ስለዚህ እንደኔ ላይኛው ወንበር ላይ ብትጣሉም ኳሷ ራኬት ስትነካ ጧ ስትል ትሰማላችሁ። ቲቪ ላይ እኮ ቀስ ያለች ነው የምትመስለው፣ እዛ ስታዩት በስመአብ ነው። ዝምታው ግን ይከብዳል፣ እኛ ኳስ ሜዳ ጩኸት የለመድን ሰዎች፣ ሰርቭ ልታደርግ ስትል ቺፕስ እንኳን ማኘክ ያሳፍራል።

አንድሬቫን ከማድሪድ 2023 ውድድር ጀምሮ ነው የምከታተላት። ያኔ 15 ዓመቷ ነው፣ በዋይልድ ካርድ (በአዘጋጆቹ ልዩ ግብዣ) ገብታ ሌይላ ፈርናንዴዝን አሸነፈች፣ ሃዳድ ማያን አሸነፈች፣ 16 የሞላት ቀን ደግሞ ማግዳ ሊኔትን፣ በመጨረሻ ሳባሌንካ ነች ያስቆመቻት። በዛው ዓመት ዊምብልደን ከማጣሪያ ተነስታ 4ኛ ዙር ደርሳ ከማዲሰን ኪይስ ጋር ስትጫወት በራኬት ውርወራ ነጥብ ተቀጣች፣ ተሸነፈችም፣ እኔም ይቺ ልጅ ንዴቷ ነው የሚጥላት ብዬ ነበር አልክድም። አውስትራሊያ 2024 ላይ አፌን ዘጋችኝ፣ ከዲያን ፓሪ ጋር በሶስተኛው ሴት (የቴኒሱን ሴት፣ የጨዋታውን ክፍል ማለቴ ነው ሃሃ) 5 ለ 1 እየተመራች መጥታ አሸነፈች። ለካ ያ በራሷ ላይ መጨከኗ ነው የሚያስነሳት፣ ቴኒስ ተጫዋቹ አንዲ መሪም ያኔ እንደዛ ብሎ ጽፎላታል። ሮላንድ ጋሮስ (የፈረንሳዩ ውድድር) 2024 ደግሞ ሳባሌንካን ጥላ ግማሽ ፍጻሜ ገባች፣ በ17 ዓመቷ!

ዱባይ የመጣችው እንግዲህ እንደዚህ ሆና ነው። በዛ ሳምንት ቮንድሩሶቫን፣ ሽቪዮንቴክን፣ ሪባኪናን አሸንፋለች፣ ሶስቱም ግራንድ ስላም (ከአራቱ ትልልቅ ውድድሮች አንዱን) የበሉ ናቸው። ፋይናሉ የመጀመሪያው ሴት ጭንቅ ነበር፣ ታይብሬክ (6 ለ 6 ሲሆኑ የሚለያዩበት) ሲገባ ግን 7 ለ 1 ጨረሰችው፣ ሁለተኛውን 6 ለ 1። ነጥብ ስታጣ ወደ አሰልጣኟ ኮንቺታ ማርቲኔዝ ዞራ የሆነ ነገር ታጉረመርማለች፣ ካሜራው ግማሹን አያሳይም፣ እኔ ትኬቱ ያዋጣል የምለው ለሱ ነው። አጠገቤ ያለው ሰውዬ የየት አገር ናት ብሎ ጠየቀኝ፣ ራሺያ አልኩት፣ ታዲያ ባንዲራዋስ አለኝ፣ ከዩክሬኑ ጦርነት ወዲህ ያለ ባንዲራ ነው የሚጫወቱት ብዬ እስካስረዳው ሁለት ነጥብ አመለጠኝ።

ዋንጫውን ስትቀበል ቤተሰብ አሰልጣኝ ምናምን አመስግና መጨረሻ ላይ ራሷን አመሰገነች። እኛ ጋ ቢሆን ጥጋብ ነው ይባል ነበር። ጓደኛዬ ከታች ቴክስት አደረገችልኝ፣ «እኔም ነገ ደሞዝ ሲገባ ራሴን አመሰግናለሁ» ብላ።

ከ10 9 ሰጥቻለሁ፣ አንዷ ለተለያየንበት ወንበር ናት። በሚቀጥለው የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ነው የምሄደው፣ በአንድ ቀን ብዙ ጨዋታ ይታያል።