ድሬ ላይ «4ኬ» እየተባለ የሚሸጠውን ርካሽ ፕሮጀክተር ከመግዛታችሁ በፊት

ድሬዎች፣ በዚህ ሙቀት ማታ ማታ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፋችሁ፣ ሁለት ሆናችሁ ፊልም ለማየት ፕሮጀክተር ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

እኔና ባለቤቴ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ከሚባለው ገበያ አካባቢ ካለ ሱቅ በ18 ሺህ ብር ገዛን። ካርቶኑ «4ኬ» ይላል፣ «9000 ሉመን» (የብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው) ይላል። ሻጩም «አንቺ፣ ይሄኮ ሲኒማ ቤት ነው!» አለኝ። ጓዳ አስገብቶ፣ መጋረጃውን ዘግቶ፣ ከላፕቶፕ ብዙም በማይበልጥ ምስል አሳየን። እዚያ ያምራል። የግቢያችን ግድግዳ ላይ ስናሰፋው ግን የሰው ፊት ተድበሰበሰ፣ ሰብታይትሉ አልነበብ አለ። ጨለማ ትዕይንት ሲመጣማ ጭራሽ ምንም አይታይም።

እውነተኛ 4ኬ ማለት 3840 በ2160፣ ወደ 8.3 ሚሊዮን ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩት ትንንሽ ነጥቦች) ነው። እነዚህ ርካሽ ማሽኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 800 በ480 ነው፤ 384 ሺህ ፒክስል ብቻ። ከሃያ እጥፍ በላይ ያንሳል! 4ኬ የሚሉት ማሽኑ የ4ኬ ፋይል ተቀብሎ፣ አሳንሶ ስለሚያጫውት ነው። ስለዚህ ሻጩን «4ኬ ያጫውታል ወይ?» አትበሉት፣ አዎ ይላችኋል። «ኔቲቭ ሬዞሉሽኑ (ማሽኑ ራሱ ያለው የፒክስል ብዛት) ስንት ነው?» በሉት። ቢያንስ 1280 በ720 ካልሆነ ተዉት።

ሉመኑም እንደዚያው ነው። ባዶውን «ሉመን» ብሎ አምራቹ ያሻውን ቁጥር ይጽፋል። በታወቀ መስፈርት የተለካው «አንሲ ሉመን» የሚባለው ነው፣ እሱ ካልተጻፈ ቁጥሩን እንዳልተጻፈ ቁጠሩት። ደግሞ ምስሉን በወርድም በቁመትም እጥፍ ስታደርጉት ድምቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለዚህ ነው ጓዳ ውስጥ ያየነው ምስል ያታለለን። ውጭ ላይ የመንገድ መብራት አለ፣ የጎረቤት አምፖል አለ።

ሙቀቱንም አስቡበት። ብዙዎቹ ማሽኖች ከ35 ወይም ከ40 ዲግሪ በላይ እንዲሠሩ አልተሠሩም፤ የእኛን የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። የእኛው ብዙም ሳይቆይ ምስሉ መሐል ላይ ቢጫ ነገር ወጣበት። ቀን ቆርቆሮ ሥር አታስቀምጡት፣ እንደበራም ፋኑን በጨርቅ አትሸፍኑበት።

መልሱልን ስንል ግድግዳው ላይ የለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አሳየን። ይሄ በጣም ያናድዳል፤ ዕቃው የተባለው አይደለም እኮ! የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ሻጩ እምቢ ካለ ወደ ንግድ ቢሮ አቤት በሉ። ለዚህ ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል። ያለ ደረሰኝ ቅናሽ አደርግላችኋለሁ የሚላችሁን እሺ አትበሉት። ደረሰኙ ላይም ሞዴሉንና ኔቲቭ ሬዞሉሽኑን አስጽፉ፤ ካልጻፈ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ቴሌግራም ላይ የምትገዙ ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ አትላኩ። ዕቃው ማታ ይምጣላችሁ። በራሳችሁ ግቢ፣ በምትፈልጉት ስፋት፣ ሰብታይትል ያለው ፊልም ከፍታችሁ አራቱንም ጥግ እዩ። ጽሑፉ ከተነበበ ክፈሉ፣ ካልተነበበ እዚያው መልሱለት።