የጥርስ ክሊኒካችንን ከወረቀት ወደ ዲጂታል አሠራር ላሸጋገረች እኅታችን፦ ምስጋናና ጥቆማ

በባሕር ዳር ከተማ አነስተኛ ክሊኒክ ያለኝ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ይህን የምጽፈው ክሊኒካችንን ከወረቀት ካርድና ከፊልም ራጅ አላቅቃ ወደ ዲጂታል አሠራር ላሸጋገረችን ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብና በጣና ዙሪያ ባሉ ከተሞች የምትሠሩ የሙያ ባልደረቦቼም ተመሳሳይ ለውጥ ስታስቡ እንድታማክሯት ለመጠቆም ነው። ስሟ በማኅበራዊ ገጽ ላይ እንዳይወጣ ስለጠየቀችኝ ፈቃዷን አክብሬ በክሊኒካችን እንደምንጠራት «ሲስተር» እያልሁ እቀጥላለሁ።

ሲስተር ወደዚህ ሥራ የገባችው በኮምፒውተር በኩል አይደለም። ለዓመታት በጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ሐኪም ስታግዝ፣ መሣሪያ ስታጸዳ፣ በጨለማ ክፍል ፊልም ስታጥብ የኖረች ነርስ ናት። የኮምፒውተር ጥገናና ኔትወርክ የተማረችው ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ ከደመወዟ እየከፈለች ነው። የመጀመሪያ ሥራዋን ቀድሞ ለምትሠራበት ክሊኒክ ያለ ክፍያ ሠርታ አስረክባ፣ ያንን ያዩ ሁለት ክሊኒኮች ጠርተዋት፣ እንዲህ እያለች ዛሬ በዚሁ ሥራ ብቻ የምትተዳደር ባለሙያ ሆናለች።

እርሷን ከማግኘታችን በፊት ከአንድ ሻጭ የራጅ ሴንሰር (በፊልም ፈንታ አፍ ውስጥ ገብቶ ምስሉን ወደ ኮምፒውተር የሚልክ መሣሪያ) ገዝተን ነበር። ሻጩ ሶፍትዌሩን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ፣ አንድ ምስል አንሥቶ አሳይቶን ሄደ። ከዚያ በኋላ የምናነሣው ምስል ሁሉ ጠቁሮ የጥርሱ ሥር አልለይ ሲል ደጋግመን ደወልን፤ የተሰጠን መልስ ሌላ ሴንሰር እንድንገዛ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በመብራት መዋዠቅ ኮምፒውተሩ ሲቃጠል እስከዚያ ያነሣናቸው ምስሎች አብረው ጠፉ። ሴንሰሩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈን ወደ ፊልም ተመለስን፤ እኔም «ዲጂታል ለእኛ አገር አይሆንም» ወደሚል ድምዳሜ ደርሼ ነበር።

ሲስተር ስትመጣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አንድም ዕቃ አልነካችም። ደብተር ይዛ ካርድ ክፍል ተቀመጠችና የአንድ ታካሚ ካርድ ከመደርደሪያ ወጥቶ እስኪመለስ በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚጠፋ ጻፈች። ካርድ ክፍላችንን ለረጅም ዘመን የያዙትን እናታችንን «እማማ፣ እስቲ እርስዎ እንዴት እንደሚያገኙት ያሳዩኝ» ብላ ስትጠይቃቸው እርሳቸው በደስታ ያስረዷት እንደነበር አስታውሳለሁ። ኮምፒውተር መጣ ሲባል ከሥራ የምወጣ ነው ብለው ሲሰጉ የነበሩት እኒህ እናት ዛሬ ምዝገባውን በራሳቸው ይሠራሉ።

ሴንሰሩ ጤነኛ እንደሆነ የደረሰችበት በአራተኛው ቀን ነው። ችግሩ ያለው ጨረሩ የሚለቀቅበትን ጊዜ በሚወስነው በአሮጌው የራጅ ማሽናችን ሰዓት ቆጣሪ ላይ ነበር። ምክንያቱን ስታስረዳን ከታሪክ ጀመረች፦ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮንትገን ራጅን በ1895 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች) ባገኘ ማግስት፣ በ1896 ጀርመናዊው የጥርስ ሐኪም ኦቶ ቫልክሆፍ የራሱን ጥርስ ሲያነሣ 25 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነበረበት፤ ፊልም እየተሻሻለ ሲሄድ ጊዜው ወደ ሰከንድ ክፍልፋይ ወረደ፤ በ1987 በፈረንሳይ የወጣው የመጀመሪያው የአፍ ውስጥ ዲጂታል ሴንሰርና ከእርሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ከፊልምም ያነሰ ጨረር ይበቃቸዋል። የእኛ ማሽን ለፊልም የተሠራ ስለሆነ ቆጣሪው ሴንሰሩ ወደሚፈልገው አጭር ጊዜ አይወርድም፤ ስለዚህ ምስሉ ይቃጠላል፣ ታካሚውም የማያስፈልገውን ጨረር ይቀበላል። ቆጣሪው ተቀየረ፤ መሳቢያ ውስጥ የከረመው ሴንሰር በዚያው ቀን የመንጋጋን ሥር ጫፍ ጥርት አድርጎ አሳየን።

ሴንሰር በሙቀት ማምከኛ ውስጥ እንደማይገባ፣ ለእያንዳንዱ ታካሚ አዲስ የላስቲክ ሽፋን እንደሚደረግለትና በመሃል በፀረ ጀርም እንደሚወለወል፣ ገመዱም ከሴንሰሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከታጠፈ እንደሚበጠስ ለረዳቶቻችን ያሳየችው በእጃቸው እያስያዘች ነው። ይህን ነርስ ያልሆነ ቴክኒሻን ያስተምረናል ብዬ አላምንም።

ከሁሉ በላይ ያደነቅኋት ግን በምዝገባው ሶፍትዌር ላይ ባደረገችው ጥንቃቄ ነው። እኛ ጥርስን የምንጠራው በሁለት አኃዝ ነው፤ 16 ስንል የላይኛው ቀኝ የመጀመሪያ መንጋጋ ማለታችን ነው። ሶፍትዌሩ ግን ከ1 እስከ 32 በሚቆጥረው የአሜሪካ አቆጣጠር ተቀምጦ ስለነበር በእርሱ 16 ማለት የላይኛው ግራ የመጨረሻ መንጋጋ ነው። አንድ ቁጥር፣ ሁለት የተለያዩ ጥርሶች፣ ያውም በአፍ ግራና ቀኝ! ይህ ሳይታረም ሥራ ጀምረን ቢሆን ኖሮ የሚነቀለው ጥርስ የትኛው ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ለሐኪም የሚከብድ ነገር ነው። ሲስተር ይህን ያስተካከለችው አንድም ታካሚ ከመመዝገቡ በፊት ነው።

ስምም እንዲሁ ነው። ሶፍትዌሩ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ በእኛ አገር ግን ሁለተኛው ስም የአባት ስም ስለሆነ ባልና ሚስት ተለያይተው፣ አባቶቻቸው ሞክሼ የሆኑ የማይተዋወቁ ሰዎች ደግሞ በአንድ ቤተሰብ ተቧድነው ይቀመጣሉ። በዚህ ላይ «ፀሐይ» የምትባል ታካሚ አንድ ቀን በ«ፀ»፣ ሌላ ቀን በ«ጸ» ከተጻፈች ሁለት ካርድ ይወጣላታል። ሲስተር ቤተሰብን በስልክ ቁጥር አያያዘችው፤ ለሞክሼ ፊደላትም አንድ የአጻጻፍ ደንብ አውጥታ በወረቀት አትማ ከእማማ ፊት ለፊት ለጠፈችላቸው። ለጠዋት ሦስት ሰዓት የተሰጠ ቀጠሮ እንደወረደ 3 ተብሎ ቢገባ ሶፍትዌሩ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ብሎ እንደሚወስደው አስቀድማ ስላየች፣ ለታካሚው በሚላከው መልእክት ላይ ሰዓቱም ቀኑም በእኛ አቆጣጠር እንዲወጣ አደረገች፤ ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት ቀኑ እንዳይዛባ ሳይቀር ፈትሻዋለች።

ይህ ሁሉ ምን ጠቀመ ለሚል አንድ ነገር ልናገር። ከዘጌ በጀልባ የሚመጡ አንዲት እናት የጥርስ ሥር ሕክምና ጀምረውልን ነበር። ቀድሞ ቢሆን ፊልሙ ታጥቦ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፤ ፊልሙ ከተበላሸ እንደገና ይነሣሉ፤ እስከዚያም የመመለሻው ጀልባ ያመልጣቸዋል። በዚህ ጊዜ ግን ምስሉ ወዲያው ወጥቶ፣ እርሳቸውም የታመመውን ሥር በዓይናቸው አይተው፣ የዕለቱ ሕክምና አልቆ በጊዜ ወደ ወደቡ ሄዱ። የጨለማ ክፍሉ መዘጋትም ለእኔ ትልቅ ዕረፍት ነው። ያገለገለ ፊክሰር (ፊልም የሚታጠብበት ኬሚካል) ከፊልሙ የወጣ ብር ስለሚይዝ ወደ ፍሳሽ መስመር መደፋት የለበትም፤ ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ጉዳይ ቀላል አይደለም።

በባሕር ዳር መብራትና ኢንተርኔት እንደሚቋረጡ ስለምታውቅ መረጃው ሁሉ የሚቀመጥበትን ዋና ኮምፒውተር (ሰርቨሩን) በክሊኒካችን ውስጥ፣ መብራት ሲጠፋ ኃይል በሚሰጥ ባትሪ (ዩፒኤስ) አስደግፋ አቆመችው። መረጃው በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ቅጂ ከክሊኒኩ ውጪ እንዲቀመጥ አደረገች፤ በፊታችንም አንድ ካርድ ሆን ብላ አጥፍታ ከቅጂው መለሰችው። ምስሎቻችን ዳይኮም በተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ምስል አቀማመጥ ደረጃ ስለሚቀመጡ ነገ ሶፍትዌር ብንቀይር የሻጭ እስረኛ አንሆንም። የታካሚ ራጅ በግል ስልክ በቴሌግራም መላላካችንንም አስቁማ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን አስታውሳ፣ ለምክክር የሚላክ ምስል ስምና ካርድ ቁጥር የሌለው እንዲሆን ደንብ አበጀችልን።

እኔ የአፍ ውስጥ ስካነር (የጥርስን ቅርጽ በዲጂታል ምስል የሚያነሣ መሣሪያ) ለመግዛት ቋምጬ ነበር። «ምስሉን ተቀብሎ አክሊሉን (የጥርስ ሽፋኑን) የሚሠራልዎት ላቦራቶሪ ሳያገኙ አይግዙ» ብላ አስቀረችኝ። ከሻጭ ኮሚሽን እንደማትቀበል ያመንሁት ያን ዕለት ነው። ክፍያዋ በሥራው ልክ አስቀድሞ በጽሑፍ ተለይቶ የሚቀመጥ ሲሆን ዕቃ የምንገዛው ራሳችን ነን። በእኔ እምነት ክሊኒኮች የሚከስሩት ለእንዲህ ዓይነቱ ምክር በመክፈል ሳይሆን ምክሩን ከዕቃው ጋር በነጻ የሚመረቅ አድርገው በማሰብ ነው። በጥርስ ክሊኒክ የምትሠሩ ወጣት ነርሶችም ይህ መንገድ የእናንተም ሊሆን እንደሚችል አስቡበት፤ ካርድ ክፍሉንና የሕክምና ወንበሩን የምታውቁት እናንተ ናችሁና።

ልታውቁት የሚገባው አንድ ነገር፣ ሲስተር በአንድ ጊዜ ከአንድ ክሊኒክ በላይ አትይዝም፤ እኛም ተራችን እስኪደርስ ሁለት ወር ጠብቀናል። የምትፈልጓት ባልደረቦቼ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እርሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ከመምጣቷ በፊት የራጅ ማሽናችሁን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት፣ የቆጣሪውንም ፎቶ አዘጋጅታችሁ ጠብቋት፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እርሱን ነው።

ሲስተር፣ እኔም እማማም ረዳቶቼም ከልብ እናመሰግንሻለን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።