አፌን በጃፓንኛ ላስፈቱኝ መምህር፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በቶኪዮ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በምንኖርበት በካትሱሺካ ወረዳ፣ በበጎ ፈቃድ ጃፓንኛ የሚያስተምሩ አንዲት እናት የዋሉልኝን ውለታ በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም እንደ እኔ ቋንቋውን ተምረው ለመናገር ሲሉ ግን አንደበታቸው ለሚተሳሰርባቸው ወገኖቼ መንገዱን ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ፈቃዳቸው ስላልሆነ ሁላችንም ተማሪዎቻቸው እንደምንጠራቸው «ሴንሴይ» (መምህር) እያልኩ እቀጥላለሁ። ሰውን ስሙን ሳይጠሩ ማመስገን ቅር ቢያሰኝም፣ እርሳቸውን የመሰሉ በጎ ፈቃደኞች በየወረዳው ስለሚገኙ ጥቆማው ካትሱሺካ ለማይኖሩትም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ጃፓን ከገባሁ ወዲህ በቋንቋ ትምህርት በኩል ሰነፍ ነበርኩ ማለት አልችልም። ሁለቱን የጃፓንኛ የድምፅ ፊደላት፣ ሂራጋናና ካታካናን፣ ለይቻለሁ፤ ከቻይና የመጣውን ጽሕፈት፣ ካንጂውን፣ ከሥራ መልስ እየደጋገምኩ ጽፌአለሁ፤ የጃፓንኛ ቋንቋ ብቃት ፈተናንም እስከ ኤን 3 ድረስ አልፌአለሁ። ይሁን እንጂ ይህ ፈተና ከዝቅተኛው ኤን 5 እስከ ከፍተኛው ኤን 1 ባሉት አምስቱም ደረጃዎች ቃላትንና ሰዋስውን፣ ንባብንና ማዳመጥን እንጂ መናገርን አይፈትንም። መልሱም ከተሰጡት አማራጮች አንዱን መርጦ ማጥቆር ብቻ ስለሆነ፣ አንድም ቃል ያልተነፈሰ ሰው ምስክር ወረቀቱን ሊቀበል ይችላል፤ እኔም እንደዚያ ከተቀበሉት አንዱ ነኝ። የምሠራው በምሽት ፈረቃ ምግብ በሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ሲሆን፣ እዚያ «ሃይ» (እሺ) የምትለዋ አንዲት ቃል ሌሊቱን ታዘልቃለች። ክሊኒክ መሄድ ሲኖርብኝ ግን ጓደኛዬን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ይዤው እሄድ ነበር፤ ሐኪሙም ሕመሙ የእኔ መሆኑን እስኪዘነጋ ድረስ ከእርሱ ጋር ብቻ ይነጋገራል።

የእፍረቴን ነገር በግልጽ ለመናገር ያህል፣ ከጃፓኖቹ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ከጎኔ የተቀመጠው የአገሬ ልጅ ነበር። ባቡር ውስጥ ሌላ ኢትዮጵያዊ ካለ፣ በተለይም ከእኔ ቀድሞ የመጣና አቀላጥፎ የሚናገር ከሆነ፣ ጣቢያ ጠፍቶብኝ እንኳ ሰው አልጠይቅም። ይሉኝታችን ባሕር ተሻግሮ ተከትሎናል፤ ይህን የምለው ብዙዎቻችሁ በልባችሁ እንደምታውቁት ስለማምን ነው።

ሴንሴይ በፖስታ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ትምህርቱ የሚሰጠው በወረዳው የሕዝብ አዳራሽ ሲሆን፣ በየጠረጴዛው አንድ በጎ ፈቃደኛ ከአንድ ወይም ከሁለት ተማሪዎች ጋር ይቀመጣል። በመጀመሪያው ቀን ደረጃዬን ይጠይቁኛል ብዬ የፈተናውን ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር፤ እርሳቸው ግን የጠየቁኝ ከማን ጋር፣ ስለ ምን መነጋገር እንደምፈልግ ነበር። ዕቃ ከሚያደርሰው ሾፌር ጋር፣ ከሐኪም ጋር፣ ከታች ፎቅ ካሉት ጎረቤቴ ጋር ብዬ በእንግሊዝኛና በምልክት ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ትምህርቴ ከእነዚህ ሦስት ሰዎች አልወጣም፤ መማሪያ መጽሐፉም የሚከፈተው ለእነርሱ የሚሆን ነገር ሲገኝበት ብቻ ሆነ።

በመጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር በየትኛውም የፈተና መጽሐፍ ላይ ተጽፎ አላየሁትም። ይኸውም ሰው ሲያስብ የሚያሰማት ድምፅ ናት፦ «ኤቶ»፣ «አኖ»። እኛ በራሳችን ቋንቋ «እ…» ወይም «ምን ነበር…» እንደምንለው ማለት ነው። እንደ ቀላል ነገር አይታይ፤ ዝም ብሎ ቃል የሚፈልግ ሰው አላወቀም ተብሎ ይታለፋል፤ «ኤቶ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ግን ገና እየተናገረ እንደሆነ ስለሚቆጠር አድማጩ ይጠብቀዋል። ሴንሴይም በእውነት ይጠብቃሉ። ቃሉን ከአፌ ነጥቀው አይጨርሱልኝም፤ ስሳሳትም በመሐል አያቋርጡኝም። ስህተቴን በትንሽ ወረቀት ላይ በሂራጋና ይጽፉና ስንለያይ ሦስቱን ብቻ መርጠው ይሰጡኛል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት በእነዚያ ሦስት ይጀምራል። የቀሩትስ የት ገቡ ብዬ ብጠይቃቸው፣ አስፈላጊ ከሆኑ ራሳቸው ተመልሰው ይመጣሉ አሉኝ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግንበት ቀን የስልኩ ቀን ነው። ዕቃ አድራሹ ቤት ሳያገኘኝ ሲቀር የሚተወውን ወረቀት ይዤ መጥቼ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ የሾፌሩ ስልክ ቁጥር አለ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሰኝ ጓደኛዬ እንዲደውልልኝ እሰጠው ነበር። ሴንሴይ ንግግሩን ጽፈው አልሰጡኝም። አራት ነገሮችን ብቻ በቅደም ተከተል አስጻፉኝ፦ ስሜን፣ የወረቀቱን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን። ከዚያም ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ያላስተዋልኩት፣ በኋላ ግን የገባኝ፣ ፊቴን የሚያይ ሰው እንዳይኖር አስበው ማድረጋቸውን ነው። ደወልኩ፤ «ሳይሃይታትሱ ኦ ኦኔጋይ ሺታይን ዴስ ጋ» ብዬ ዕቃው እንደገና እንዲመጣልኝ ጠየቅሁ። ሾፌሩ እየነዳ ነበር መሰለኝ በጥድፊያ መለሰልኝ። «ሞ ኢቺዶ ኦኔጋይ ሺማስ» ብዬ እንዲደግምልኝ ስለምነው ያለ ምንም ቅሬታ ቀስ ብሎ ደገመልኝ። ስልኩን ስዘጋ ሴንሴይ ዘወር አሉ፤ ጎበዝ አላሉኝም፣ አላጨበጨቡልኝም፣ የጠየቁኝ ዕቃው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚመጣ ነበር። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ብዬ በጃፓንኛ መለስኩላቸው፤ እንዳሰብኩትም ዕቃው በሰዓቱ መጣ።

ስለ ምስጋና ካነሳሁ አይቀር፣ ጃፓን የኖረ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት አድናቆት አለች። ገና ሰላምታ ሰጥተህ ሳትጨርስ «ኒሆንጎ ጆዙ ዴስ ኔ»፣ ጃፓንኛህ ጥሩ ነው ትባላለህ፤ ጨዋታውም እዚያው ላይ ያልቃል። ደግ ሰዎች በደግነት የሚናገሯት ቢሆንም እኔን ዝም ታሰኘኝ ነበር። ሴንሴይ «ማዳ ማዳ ዴስ»፣ ገና ነኝ፣ ብዬ በትሕትና ከመለስኩ በኋላ ሳልዘገይ አንድ ጥያቄ እንዳስከትል አለማመዱኝ። የመኖሪያ ሰፈርን፣ የአየሩን ሁኔታ ወይም የያዙትን ውሻ መጠየቅ ይበቃል። ከታች ፎቅ ያሉት ጎረቤቴ ውሻ አላቸው፤ ዛሬ የውሻውን የሕክምና ታሪክ ከራሴ ታሪክ በተሻለ አውቀዋለሁ።

ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የሚጠቅም አንድ ነገር ደግሞ በሴንሴይ ጠረጴዛ ላይ ተገልጦልኛል። አንድ ቀን ዓረፍተ ነገሩ ቢጠፋብኝ በገዛ ቋንቋዬ እንድናገረው ጠየቁኝና «ትናንት ከጓደኛዬ ጋር ጣቢያ ቡና ጠጣሁ» አልኩ። ጃፓንኛውም እንደዚሁ ነው፦ ትናንት፣ ጓደኛ፣ ጣቢያ፣ ቡና፣ መጨረሻ ላይ ጠጣሁ። ግሡ በሁለቱም መጨረሻ ይመጣል። «ቡናን» ስንል የምንጨምራት «ን» በቃሉ ጫፍ እንደምትቀመጥ ሁሉ የጃፓንኛዋ «ኦ»ም ከስሙ በኋላ ትቀመጣለች። ልዩነቱ የእኛ «ከ» እና «በ» ከፊት ሲመጡ የእነርሱ ከኋላ መከተላቸው ነው። እኔ ግን ለዓመታት እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አሰናድቼ፣ ገልብጬ፣ ከዚያ ወደ ጃፓንኛ ለመመለስ ስታገል ኖሬአለሁ። ድካሙ ሲቀንስ እፍረቱም አብሮ ቀነሰ፤ ከእፍረቴ ግማሹ ለካ የዘገየሁ መስሎ የመታየት ፍርሃት ኖሯል። ሰውን በአክብሮት ለይቶ ማነጋገርም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «አንተ» እና «እርስዎ» እያልን አድገን የጃፓንኛው የአክብሮት አነጋገር ለምን እንዳስፈለገ የሚነግረን አያሻንም፤ አነጋገሩን አጥርቶ መልመድ ግን ሌላ ሥራ ነው።

በሚደመጡበት ጊዜ ደግሞ ጃፓኖች ዝም ያለ አድማጭ አይወዱም፤ ራስ እየነቀነቁ «ሃይ»፣ «ኤ»፣ «ሶ ዴስ ኔ» (አዎ፣ ልክ ነው) ማለት ያስፈልጋል። እኔ ሳላስበው አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ በእኛ ወግ «አዎ» ስል ሴንሴይ አንድ ነገር ያስደነገጠኝ መስሏቸው ንግግራቸውን ያቆሙ ነበር። ነገሩን ሳስረዳቸው በጣም ወደዱት፤ አሁን ጠረጴዛችን ላይ እርሳቸውም አልፎ አልፎ ይሞክሯታል፤ በእኔ ግምት ከእኔ «ሶ ዴስ ኔ» ይልቅ የእርሳቸው «አዎ» የተዋጣ ነው።

በዚያው ክፍል ከሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች ጋር በየተራ እንድቀመጥ የሚያደርጉትም ሴንሴይ ናቸው። ራሴን የማስተዋውቅበትን ያንኑ ንግግር ለተለያየ ሰው ደጋግሜ ስለተናገርኩት አፌ ለመደው። ከተቀመጥኩባቸው አንዱ በዕድሜ የገፉ ሰው ከኢትዮጵያ መምጣቴን ሲሰሙ ገና ከወንበራቸው ከፍ ብለው «አቤቤ!» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲካሄድ ልጅ እንደነበሩና በኮሹ ካይዶ መንገድ ዳር ቆመው አበበ ቢቂላ ሲያልፍ እንዳዩት ነገሩኝ። አበበ ውድድሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ፣ የእነርሱ ጹቡራያ ኮኪቺ ሁለተኛ ሆኖ ስታዲየም ከገባ በኋላ እዚያው ትራኩ ላይ በእንግሊዛዊው ሂትሊ ተቀድሞ ሦስተኛ መውጣቱን ዛሬም እየቆጫቸው ያወራሉ። የሮሙን የባዶ እግር ሩጫ አሳምረው ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ የአበበ እግሮች ሽባ መሆናቸውን፣ ከዚያም በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ መወዳደሩን ግን አያውቁም ነበር። እኔ ነገርኳቸው። የቀስት ውርወራው ቃል ጠፍቶኝ በእጄ ገትሬ አሳየኋቸው፤ እርሳቸው ቃሉን ሰጡኝ፤ ቀጠልኩ። ያን ያህል ረጅም ጊዜ በጃፓንኛ ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ሴንሴይም ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የማውቀውንና አድማጬ የማያውቀውን ርእስ እንዳዘጋጅ ያደርጉኛል፤ የቡና አፈላላችንን ሥርዓትም እንዲሁ አስተምሬአቸዋለሁ።

ከትምህርት ውጪ የሚሰጡን የቤት ሥራ ቀላል ነው። መልሱን አስቀድመን የምናውቀውን ጥያቄ አንድ ሱቅ ገብተን መጠየቅ ነው። ለዚህ የሚመረጡት ኮንቢኒ የሚባሉት ፈጣኖቹ ትንንሽ ሱቆች አይደሉም፤ እዚያ ከኋላህ የተሰለፈ ሰው አለ፤ ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2020 ወዲህ ፌስታል በገንዘብ ስለሆነ ከሚጠየቀው «ፉኩሮ ዋ ኢሪማስ ካ» (ፌስታል ይፈልጋሉ?) በቀር ብዙ ጨዋታም የለም። ጊዜ ያላቸው በሰፈር የገበያ መንገድ ያሉ አትክልት ሻጮችና የቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) ቤት ባለቤቶች ናቸው። አንዳንዶቹም በአጭር ዓረፍተ ነገርና በቀላል ቃል ለውጭ አገር ሰው መናገርን ያውቁበታል፤ ይህ «ያሳሺ ኒሆንጎ» (ቀላል ጃፓንኛ) የሚባለው አነጋገር እ.ኤ.አ. በ1995 ከኮቤው ርእደ መሬት በኋላ፣ መረጃ በቋንቋ ምክንያት ላልደረሳቸው የውጭ ዜጎች ተብሎ የታሰበ ነው።

ጥቆማዬ ሚዛኑን የጠበቀ እንዲሆን የማይሆንላቸውንም ልናገር። ኤን 2ን በአስቸኳይ ለሚፈልግ፣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ለሚዘጋጅ ወይም ካንጂ ለጎደለው ሰው ይህ ክፍል አይበቃውም፤ ለእርሱ ክፍያ ያለው የቋንቋ ትምህርት ቤት ይሻለዋል። ትምህርቱ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በአዲስ ዓመትና በነሐሴው የኦቦን (የሙታን መታሰቢያ) በዓል ይዘጋል። በጎ ፈቃደኞቹም ሁሉም እንደ ሴንሴይ አይደሉም፤ ብዙ የሚያወሩና ተማሪውን አድማጭ የሚያደርጉ አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ከገጠማችሁ አስተባባሪውን በጨዋ ደንብ ጠረጴዛ እንዲቀይርላችሁ ጠይቁ፤ ነውር አይደለም።

እንዲህ ያለውን ክፍል ለማግኘት የምትኖሩበት ወረዳ ወይም ከተማ ጽሕፈት ቤት መስኮት ሄዳችሁ ወይም የአካባቢውን የዓለም አቀፍ ልውውጥ ማኅበር ፈልጋችሁ «ኒሆንጎ ኪዮሺትሱ» (የጃፓንኛ ክፍል) ብላችሁ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የጃፓንኛ ትምህርት ማስፋፊያ ሕግ ኃላፊነቱን ለመንግሥትም ለአካባቢ አስተዳደሮችም ስለሰጠ ጥያቄያችሁ እንደ ልመና አይታይም። ክፍያው ብዙ ጊዜ ነጻ ወይም እጅግ አነስተኛ ነው። ገና አገር ቤት ሆናችሁ የምትዘጋጁ ደግሞ የጃፓን ፋውንዴሽን በድረ ገጹ በነጻ የሚያቀርበውን «ኢሮዶሪ» የተባለ መማሪያ ከነድምፁ ታገኛላችሁ፤ ትኩረቱ የዕለት ተዕለት ኑሮ ላይ ነው። ካትሱሺካ የምትኖሩ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አዳራሹን አሳያችኋለሁ፣ የመጀመሪያውንም ቀን አብሬአችሁ እገባለሁ፤ ጠረጴዛችሁ ግን ከእኔ ራቅ ያለ እንዲሆን አደርጋለሁ። ለሴንሴይ ገንዘብ ወይም ውድ ስጦታ ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ አይቀበሉም፤ የተቆላ ቡና ግን ለክፍሉ ሁሉ እስከሆነ ድረስ አይመልሱም።