ኦርግ ሞድ ላይ ለተደጋጋሚ ስራ፦ ሁለት ፕላስ ወይስ ነጥብና ፕላስ?

ኢማክስ (የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም) ላይ ኦርግ ሞድ (ማስታወሻና የስራ ዝርዝር መያዣው) የምትጠቀሙ፣ ስራው እንዲደጋገም ቀኑ ጎን የምትጽፉት ምልክት (++ ወይም .+) በጣም ለውጥ አለው። ሁለት ፕላስ ካላንደሩን አይለቅም፣ ማለትም ኪራይ ወር በገባ በ1 ከሆነና (በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው) እናንተ በ5 ከፍላችሁ ዳን (DONE፣ ተሰርቷል) ብትሉት ቀጣዩ አሁንም በ1 ነው፣ ያለፉ ወራት ካሉም ዘሏቸው ገና የሚመጣው ላይ ያርፋል። ነጥብና ፕላስ ግን ዳን ካላችሁበት ቀን ነው የሚቆጥረው። ለባክአፕ፣ አበባ ለማጠጣት ምርጥ ነው፣ ዘግይታችሁ ዛሬ ብታጠጡ ነገ ድጋሚ አጠጡ አይላችሁም። ለኪራይ ግን በጭራሽ፣ በዘገያችሁ ቁጥር ቀኑ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ቀኑን ዴድላይን (DEADLINE፣ የመጨረሻ ቀን) ካደረጋችሁት ደሞ ምንም ሳትነኩ ከ14 ቀን በፊት ጀምሮ አጀንዳ (ስራዎቹን በቀን የሚያሳየው ገጽ) ላይ ያሳያችኋል፣ ለኪራይ ይበዛል፣ እኔ 5 ቀን አድርጉት ባይ ነኝ።