ለቁርጥማት ፍልውሃ ይሻላል ወይስ የቤት ሳፋ?

እናቴን ቁርጥማት ይዟታል። ቤታችን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ያውም አራተኛ ፎቅ። ሐኪሙ «ሙቅ ውሃ ይረዳዎታል» ሲላት ክርክሩ ተጀመረ።

ወጪ፦ ለፍልውሃ የሚከፈለው የመታጠቢያው ብቻ አይደለም። ጉልበት ያመመው ሰው ታክሲ እየቀያየረ መሀል ከተማ አይደርስም፤ ኮንትራት ግድ ነው። ለሳፋው ውሃና መብራት ይበቃል (ካሉ!)።

ጥቅም፦ ፍልውሃ ይበልጣል፤ ሙሉ ሰውነት ይሞቃል፣ የተያዘው ጡንቻ ይፍታታል። ሳፋው ለእጅና ለእግር ጣት እንጂ ለጉልበት አይሆንም፤ ጉልበቱን በሙቅ ፎጣ መጠቅለል ነው። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ዋናውን የውሃ ሕክምና አይተኩም። እሱ ከ33 እስከ 36 ዲግሪ በሞቀ ገንዳ ውስጥ፣ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚመራ እንቅስቃሴ ነው። እስከ ወገብ የገባን ሰው ግማሽ ያህል ክብደቱን ውሃው ይሸከምለታል።

አደጋ፦ እዚያ እርጥብ ወለል፣ እዚህ ቃጠሎ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ስለሚችል ሙቀቱን ሌላ ሰው ይሞክርለት። የልብ ሕመምተኛ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ፍልውሃ አይግባ።

መገጣጠሚያው ቀልቶ ካበጠና ካቃጠለ ሁለቱም ይቅሩ፤ ቀዝቃዛ ነገር ይሻላል።

ጠዋት ጠዋት ጣቱ ለሚደርቅበት ሳፋው ይመቻል። መላ አካሉን ለሚይዘውና አድራሽ ላለው ፍልውሃ። እኛ ቤት ሳፋው የየዕለት ነው፤ ፍልውሃ ደግሞ አጎቴ መኪና ይዞ ሲመጣ።