ዝግጁ ናስ ወይስ ያገለገለ ታወር? 92 ሺህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት

ጠያቂዎቼ ባብዛኛው የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ የሚሠሩ ወዳጆቼ ናቸው። ጥያቄያቸውም አንድ ነው፦ «መሳቢያው በሃርድ ዲስክ ሞላ፤ ሲኖሎጂ ልግዛ ወይስ ያችን አሮጌ ኮምፒውተር ሰርቨር ታደርግልኛለህ?» ናስ (NAS) ማለት በኔትወርክ ፋይል የሚቀመጥበት ባለ ብዙ ዲስክ ማከማቻ ነው፤ ሲኖሎጂ ደግሞ ዝግጁውን ሳጥን ከሚሠሩት አንዱ ነው። ከእንግዲህ በስልክ አላስረዳም፤ ይህን ጽሑፍ ነው የምልክላችሁ።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ያገለገለ ታወር (ቆሞ የሚቀመጠውን ትልቁን የቢሮ ኮምፒውተር) ግዙና የተረፋችሁን ገንዘብ አዲስ ዲስክ ላይ አውሉት። የማይመለከታቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱን መጨረሻ ላይ እመጣባቸዋለሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ከዚህ በታች ያለው ሰሞኑን እኔ የከፈልኩትና ለወዳጆቼ ስጠይቅ የተነገረኝ ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ሳምንት አይቆይም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ልዩነቱን ያዙ። ባለ ሁለት ዲስክ ሲኖሎጂ፣ ባዶው ሳጥን፣ 58 ሺህ ብር። 4 ቴራ አዲስ የናስ ዲስክ ከዱባይ በሰው ሻንጣ ሲመጣ 400 ድርሃም፣ በብር 17 ሺህ ገደማ፤ ሁለቱ 34 ሺህ። ድምሩ 92 ሺህ። በወዲያኛው በኩል ከቢሮ የወጣ ኮር አይ5 ታወር ከ16 ጊጋ ራም ጋር 18 ሺህ፣ ለሲስተሙ የምትሆን ትንሽ ኤስኤስዲ 2,500፣ እነዚያው ሁለት ዲስኮች 34 ሺህ። ድምሩ 54,500። የሚጫንበት ትሩናስ፣ ታወሩን ናስ የሚያደርገው ሲስተም፣ ነፃ ነው። ልዩነቱ 37,500 ብር፦ ሁለት ተጨማሪ ዲስክ ተገዝቶበት 3,500 ብር ይተርፋል።

ሁለት ተጨማሪ ዲስክ ለምን? ሚረር (ሁለት ዲስኮች ላይ አንድ ዓይነት ነገር እኩል መጻፍ) ባክአፕ ስላልሆነ ነው። ረዳታችሁ በስህተት አንድ ፎልደር ካጠፋ ከሁለቱም ዲስኮች እኩል ይጠፋል። ሌባ ሳጥኑን ተሸክሞ ቢሄድ ሁለቱንም ይዞ ነው የሚሄደው። ሳጥኑን ገዝተው ብራቸው ያለቀባቸው ወዳጆቼ ባክአፕ የሚባለውን «ቀስ ብዬ እገዛለሁ» ይላሉ። እስካሁን የገዛ አላየሁም። የኔ ሦስተኛ ዲስክ እናቴ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በወር አንዴ ለቡና ስሄድ በአራተኛው እለውጠዋለሁ።

አሁን ወደ ዲስኩ እንምጣ፤ ገንዘብ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። የኔ ጥፋት ይኸው። ከዱባይ የሚመጣ ሰው አጣሁና እዚሁ መገናኛ አንድ ሱቅ ገባሁ። 4 ቴራ የሰርቨር ዲስክ፣ በብርማ ከረጢት የታሸገ፣ አንዱ 9,500። «አዲስ ነው፣ ካርቶኑ ብቻ ነው የሌለው» አለኝ ልጁ። አራት ወሰድኩ፤ 38 ሺህ። ቤት ገብቼ የስማርት ሪፖርቱን (ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘውን የሥራ መዝገብ) ሳይ ዲስኮቹ የሠሩት 11 ሰዓት ብቻ ነው። ደስ አለኝ። ማየት የነበረብኝ ግን እጄ ላይ ነበር፦ የመሰኪያው ወርቃማ ጥርሶች ብዙ ጊዜ ተሰክቶ የተነቀለ ዕቃ ጭረት አለባቸው፣ የብሎን ቀዳዳዎቹም አፋቸው ተላጧል። 11 ሰዓት የሠራ ዲስክ እንዲህ አይሆንም።

በሦስተኛው ወር አንዱ ሞተ። ምትክ አስገብቼ መልሶ ግንባታው (የሞተው ዲስክ መረጃ ምትኩ ላይ እንደገና ሲሞላ) 60 በመቶ ላይ ሲደርስ ሁለተኛው ማንበብ አቃተው። ያደራጀሁት የአንድ ዲስክ ሞት ብቻ እንዲችል ስለነበር የሦስት ሠርግ ጥሬ ቪዲዮ ይዞብኝ ሄደ። ኤዲት የተደረገውን ቀደም ብዬ አስረክቤ ባይሆን ኖሮ በሙሽሮቹ ሰፈር አላልፍም ነበር። ሱቁ ስመለስ «ዋስትናው የሦስት ቀን ነው» ተባልኩ።

ይህ የኛ ሰፈር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች ቆጣሪያቸው ዜሮ ተደርጎ እንደ አዲስ ሲሸጡ ተገኝተዋል። ያጋለጣቸው ፋርም የሚባለው ሌላው የዲስኩ መዝገብ ነው፤ አጭበርባሪዎቹ ስማርቱን ሲያጠፉ እሱን አልነኩትም ነበር። ስለዚህ ሲጌት ስትገዙ ሁለቱንም መዝገቦች የሚያነበው ፕሮግራም፣ ስማርትሞንቱልስ 7.4 ወይም ከዚያ በላይ፣ ያለው ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱና ሁለቱን አስተያዩ። ስማርት 11 ሰዓት፣ ፋርም 25 ሺህ ሰዓት ካሉ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ትታችሁ ውጡ። ለሌላ ብራንድ ሲሪያል ቁጥሩን አምራቹ የዋስትና ገጽ ላይ አስገቡ። ሻጩ ይህን አላስነካም ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሁለተኛው ወጥመድ ኤስኤምአር ነው። ዲስኩ መስመሮቹን እንደ ቆርቆሮ ክዳን እያደራረበ ይጽፋል፤ ለተራ ፋይል ማስቀመጫ ችግር የለውም፣ መልሶ ግንባታ ላይ ግን ይንቀራፈፋል። በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለናስ ተብለው በሚሸጡት ቀይ ዲስኮቹ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 6 ቴራ ባሉት፣ ይህንኑ ሳይናገር ማስገባቱ ታወቀ። ትሩናስ የሚጠቀምበት ዜድኤፍኤስ የሚባለው የፋይል ሲስተም ላይ ሲሞከር አንዱን ዲስክ መልሶ ለመሙላት አሥር ቀን ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ሌሎቹ ዲስኮች ቀን እንኳ አልሞላባቸውም። ከዚያ በኋላ «ሬድ ፕላስ» የሚባለው ሲኤምአር (መስመሮቹን የማያደራርብ) ሆኖ ተለየ። እኔ የምገዛው ሬድ ፕላስ ወይም የሲጌትን አይረንዎልፍ ነው። ሱቁ «ባራኩዳ ይሻልሃል፣ ይረክሳል» ካላችሁ የ4 ቴራው ባራኩዳ ኤስኤምአር ነው፤ እለፉት።

ጥገና ላይ ታወሩ በሰፊ ልዩነት ይቀድማል። የአንድ ደንበኛዬ ዝግጁ ሳጥን ባለ 12 ቮልት አዳፕተሩ ተቃጠለበት። ከመርካቶ «12 ቮልት 5 አምፒር» የተጻፈበት በ1,200 ብር ተገዛ። ሳጥኑ ይበራል፣ ዲስኮቹ መሽከርከር ሲጀምሩ ይጠፋል፣ ደግሞ ይበራል። ሁለት ትልልቅ ዲስኮች ሲነሱ እያንዳንዳቸው እስከ 2 አምፒር ይስባሉ፤ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው 5 ደግሞ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ኦርጅናሉ ከውጭ እስኪመጣ 19 ቀን ሥራ ቆመ። ታወር ቢሆን ፓወር ሰፕላዩ በግማሽ ቀን ይለወጣል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከቢሮ የሚወጡት የዴልና የኤችፒ ታወሮች ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላያቸው የራሳቸው መሰኪያ ያለው ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን አስከፍታችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ባለ 24 ፒን መሰኪያ መኖሩን እዩ። ቀጭኑን ደግሞ በጭራሽ አትግዙ፤ ባብዛኛው ከአንድ ትልቅ ዲስክ በላይ አይዝም።

የሳጥኑን ውለታ አልክድም። ታወሩ የበለጠ መብራት ይበላል፦ 30 ዋት ቢበልጠው ሌት ተቀን ሲሠራ በዓመት 263 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በራሳችሁ ቢል አባዙት። መብራት ሲጠፋም ያው ዩፒኤስ ሳጥኑን ረዘም ላለ ጊዜ ያቆየዋል። ዩፒኤስ ለሁለቱም ግዴታ ነው፤ ስትገዙ ከኋላው የዩኤስቢ ቀዳዳ መኖሩን እዩ፣ ያለዚያ ለሰርቨሩ «ባትሪ ሊያልቅ ነው፣ በሰላም ተዘጋ» የሚለው የለም።

ማሳደግ ላይም ሳጥኑ አንድ ነጥብ ያገኛል። ባለ አራት ዲስኩ ሲኖሎጂ የተለያየ መጠን ያላቸውን ዲስኮች አስማምቶ ይይዛል። ትሩናስ ላይ እኔ የማደርገው አንዱን የሚረር ዲስክ በትልቅ መቀየር፣ ሞልቶ እስኪጨርስ ማደር፣ ከዚያ ሁለተኛውን መቀየር ነው፤ ቦታው የሚሰፋው ሁለቱም ሲያልቁ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ከእናቴ ቤት ዓይነቱ ዲስክ ላይ ትኩስ ግልባጭ ይኑራችሁ።

አስተዳደሩ በሁለቱም ያው ነው፦ በወር አንዴ ስክረብ (የተቀመጠውን ሁሉ አንብቦ የተበላሸ መፈለግ)፣ በሳምንት አንዴ የስማርት ምርመራ፣ ማስጠንቀቂያው ወደ ኢሜይል። ኢሜይሉን አትዝለሉት። አንድ ስቱዲዮ ለሌላ ሥራ ገብቼ ሳጥኑ ላይ ብርቱካናማ መብራት አየሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው ስል «ኧረ ይጮህ ነበር፣ ደንበኛ ሲረብሽ ድምፁን አጠፋነው» አሉኝ። አራት ወር በአንድ ዲስክ ሲሠሩ ኖረዋል። ራውተር ላይ ፖርት ከፍታችሁ ናሱን ኢንተርኔት ላይ አታስጡት፤ በ2022 መጀመሪያ ዴድቦልት የሚባለው ቫይረስ ኢንተርኔት ላይ የተጋለጡ የኪውናፕ (የሌላ አምራች) ናስ ሳጥኖችን ቆልፎ ከእያንዳንዱ ባለቤት 0.03 ቢትኮይን ሲጠይቅ ነበር። ከውጭ መግባት ካስፈለገ ቴይልስኬል፣ ፖርት ሳይከፈት በተመሰጠረ የግል መስመር የሚያገናኝ ፕሮግራም፣ በቂ ነው።

ሳጥኑን የምመክረው ለማን ነው? ሁለት ዲስክ ለሚበቃው፣ ብሎን መፍታት ለሚያስጠላውና አጠገቡ የሚያውቅ ሰው ለሌለው። ሲኖሎጂ በ2025 ኤፕሪል በዚያ ዓመት የፕላስ ሞዴሎቹ ላይ የራሱን የተፈቀዱ ዲስኮች ካልሆነ ብሎ ነበር፤ ተጠቃሚ ሲያኮርፍ በኦክቶበር በዲኤስኤም 7.3 (የሳጥኑ ሲስተም) አላልቶታል። ሞዴሉ አዲስ ከሆነ ሲስተሙ መታደሱን አረጋግጡ። የእህቴ ባል መድኃኒት ቤት አለው፤ ለደረሰኝና ለካሜራ ቅጂ ራሴ ነኝ ሲኖሎጂ ያስገዛሁት። እስካሁን አንድ ቀን ደውሎልኝ አያውቅም። ዩፒኤሱን ግን እስከዛሬ አልገዛም።